ከንክሻው በፊት

በእኔ ክፍል ተጣልቶ ሳይተቃቀፍ የምሳ ዕቃውን የሚከፍት ልጅ አልነበረም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመትም ኮርቼበታለሁ። ሁለት ሕፃናት በአንድ ኳስ ይጣላሉ፤ አንዱ ይገፈትራል፣ ሌላው ይቧጭራል። እኔ መሀላቸው እንበረከክና «ይቅርታ ተባባሉ፤ አሁን ተቃቀፉ» እላለሁ። ይተቃቀፋሉ፤ ነገሩ አለቀ። አዲስ መምህርት በተቀጠረች ቁጥር ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ክፍል ትልካታለች፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አሳያታለሁ። ልጅ ቂም አያውቅም፣ ቶሎ ካስታረቁት ቶሎ ይረሳል እያልኩ። ሲተቃቀፉ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጌ ወደ ሥራዬ ነበር የምመለሰው።

ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ፤ የፊት ሰሌዳ። አንድ ሥልጠና ላይ አይቼ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። አራት ፊቶች ስዬበታለሁ፤ የሚስቅ፣ ያዘነ፣ የተናደደና የፈራ። እያንዳንዱ ልጅ ፎቶው የተለጠፈበት የልብስ መቆንጠጫ አለው፤ ጠዋት ሲገባ የዚያን ቀን ስሜቱን ከሚመስለው ፊት ሥር ይቆነጥጠዋል። በአፉ መናገር ያቃተውን በመቆንጠጫው እንዲነግረን ነው። ችግሩ ሰሌዳው የተሰቀለው ከበሩ ፊት ለፊት መሆኑ ነው። ወላጅ ገብቶ የልጁን ፎቶ ከሚያለቅስ ፊት ሥር ካየ «ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው?» ይላል። ስለዚህ ዳይሬክተሯ ክፍሎቹን ልትዞር ስትል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያዘኑትንና የፈሩትን ሰብስቤ ወደሚስቀው ፊት አዛውራቸው ነበር። አንድም ቀን ጥፋት መስሎ አልታየኝም።

ልጆቹን ሁሉ በቅጽል ስም ነው የምጠራቸው። መጥፎ አመል ነው ይሉኛል፣ አልተውኩትም። እኔ ካላዘዝኩ የሚለውን ልጅ ሚኒስትሩ እለዋለሁ፤ አንዱን ወፍራም ልጅ ደግሞ ድቡልቡል። ድቡልቡል ለማቀፍ የተፈጠረ ልጅ ነው፤ ሰው ካጣ የክፍሉን ምሰሶ ያቅፋል። ትምህርት ከተጀመረ ከአንድ ወር በኋላ የመጣችውን ቀጭን ልጅ ጭራሮ አልኳት።

ጭራሮ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ጣቶቿም ሁልጊዜ በፀጉር ቀለም እንደጠቆሩ ናቸው። የምዝገባው ቅጽ ላይ «በልጅዎ ላይ የደረሰ ሕመም ወይም አደጋ ካለ ይግለጹ» ለሚለው «የለም» ብላ ሞልታለች። ልጅቷ ሙቀት ቢሆንም ሹራቧን አታወልቅም። ስትቀመጥ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው። የምትናገረውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። መቆንጠጫዋን በየቀኑ ከፈራው ፊት ሥር ታደርጋለች፤ እኔም በየቀኑ አነሳዋለሁ። አንድ ጠዋት ሳነሳው አየችኝ። «ጎበዝ ልጅ አይፈራም» አልኳት።

በመጣች በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ነከሰች። በሰባተኛው ሳምንት ድቡልቡልን ነከሰች። የድቡልቡሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ግድግዳው ሥር ተቀምጣ በእንጨት ኩቦች ቤት ትሠራለች፤ እሱ ከጎን መጥቶ ሳያውቅ ቤቱ ላይ ዘፍ አለበት። ገፈተረችው። አለቀሰ። ሄድኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ይቅርታ አባባልኳቸው፣ «ተቃቀፉ» አልኩ። ድቡልቡል እንባው ሳይደርቅ እጆቹን ዘርግቶ ጥብቅ አድርጎ አቀፋት። ትከሻውን ነከሰችው፤ ሸሚዙን አልፎ ደም እስኪቋጥር።

ደሜ ፈላ። ጠቡ ካለቀ በኋላ፣ እርቅ ከወረደ በኋላ፣ ያውም ያቀፋትን ልጅ። ቀዩን ደብተር አወጣሁ። በትምህርት ቤታችን ልጅ ልጅን ሲጎዳ የሚመዘገብበት ደብተር ነው፤ ቀን፣ የጎዳው፣ የተጎዳው፣ የተጎዳው የሰውነት ክፍል፣ መግለጫ፣ ፊርማ የሚሉ ዓምዶች አሉት። መግለጫው ላይ ለፊተኛው ንክሻ የጻፍኩትን ደገምኩት፦ «ያለ ምንም ምክንያት ነከሰች።» ፈረምኩ። ደንቡ አጭር ነው፤ በቀዩ ደብተር ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ልጅ ይሰናበታል።

እናትየዋ በማግሥቱ ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች መጣች። በክፍሌ ውስጥ የትልቅ ሰው ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ ነው። እሷ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ድረስ ተነሥቶ ተቀመጠች።

«ቤት ትናከሳለች?» አልኳት።

«ኧረ በጭራሽ፣ ቲቸር። እንኳን ሰው ዳቦም በቅጡ አትነክስም።»

«ትመቻታለሽ?»

«እኔ? አንድ ቀን እጄን አንሥቼባት አላውቅም።»

«ቤት ውስጥ የሚጣላ ሰው አለ?»

«እኔና እሷ ብቻ ነን። ከማን ጋር እንጣላለን?»

«ስሚኝ» አልኳት፤ «ልጅ ከሰማይ አይማርም። ቤቱ ያየውን ነው ክፍሌ ይዞብኝ የሚመጣው። እናት እንዴት እንደያዘችው ለማወቅ ልጁን ማየት ይበቃል።»

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ጥቁር ጣቶቿን ሽርጧ ሥር ደበቀች። «ሁለተኛ አይደገምም፣ ቲቸር» ብላ ተነሥታ ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳን አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተናገርኩት፣ ተናግሬም ደስ ብሎኝ ነበር።

የድቡልቡል አባት ግን በይቅርታ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ሰውየው ጠበቃ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ከፍ አይልም፣ ይልቁን ይቀንሳል። ዳይሬክተሯ ቢሮ ቆሞ «ሦስተኛ ከተደገመ ደንባችሁን ታከብራላችሁ ብዬ አምናለሁ» አለ። ዳይሬክተሯም ልጅቷን አደራ አለችኝ። ምነው አደራውን በእኔ ላይ ባልጣለችው ኖሮ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ያልነከሰችበት ቀን ተለጣፊ ኮከብ ሰጠኋት፤ ኮከቡን ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። የማሰቢያ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ወንበሩ ጥግ ስለሆነና ከኋላው ግድግዳ ስላለው ይመስለኛል፣ በጣም ወደደችው፣ ሳልልካት ሄዳ መቀመጥ ጀመረች። «ጥርስ ለምግብ ነው» የሚል መዝሙር አወጣሁ። ሚኒስትሩ መዝሙሩን ከመውደዱ የተነሣ ለጥበቃውም ለዳይሬክተሯም ይዘምርላቸው ነበር፤ ዳይሬክተሯ ነክሳው የምታውቅ ነበር የሚመስለው። ያልዘመረችው ጭራሮ ብቻ ናት። ምክንያቱን እናቷ ላይ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ጥርሷ ሥር ፈለግሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ሦስተኛው ንክሻ ረቡዕ ቀን መጣ። በመጫወቻው ወጥ ቤት ውስጥ ጭራሮና ድቡልቡል በአንዲት ቀይ የፕላስቲክ ጭልፋ ተጣሉ። ድቡልቡል ነጠቃት፣ እሷ እጁን ቧጨረችው። በዚያን ሰዓት ዳይሬክተሯ እንግዶች ይዛ ኮሪደር ላይ ነበረች፤ ድምጿ ይሰማኛል፣ ወደ እኔ ክፍል እየመጣች ነው። ፈጠን ብዬ ሄድኩ። «ይቅርታ ተባባሉ። አሁን ተቃቀፉ።»

ጭራሮ ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ በእጄ ልጨብጠው» አለች።

እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን እደነቅ ነበር። «አይሆንም» አልኳት፤ «እዚህ ክፍል የምንታረቀው በማቀፍ ነው።»

«በእጄ» አለች እንደገና።

የእንግዶቹ ኮቴ በሩ ጋ ደረሰ። መዳፌን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ወደ ድቡልቡል ገፋ አደረግኋት። ከሹራቡ ሥር ጀርባዋ ሲገተር ተሰማኝ፤ ተሰምቶኝም ገፋኋት። ድቡልቡል አቀፋት። ጆሮውን ነከሰችው።

የደሙንና የጩኸቱን ነገር ልተወው። ረዳቴ፣ እኛ እትዬ የምንላት አሮጊት ሞግዚት፣ ድቡልቡልን አቅፋ ወደ መጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሮጠች። እንግዶቹ ተመለሱ። እኔ ቀዩን ደብተር ከፈትኩና ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጻፍኩ፦ «ያለ ምንም ምክንያት ነከሰች።» ፈረምኩ። ቀና ስል ጭራሮ ጥግ ቆማ ሱሪዋ ርሶ አየሁ።

ሌላ ጊዜ ልብስ የምትቀይረው እትዬ ናት። ያን ቀን ግን አልነበረችም። ልጅቷን ወደ ማጠቢያው ወሰድኳት፤ ሱሪዋን ቀየርኩ፣ የሹራቧም ጫፍ ርሷልና ወደ ላይ ሳብኩት። ዓይኖቿን ጨፈነች። ጥርሷን ገጥማ፣ ቡጢዋን ጨብጣ ቆመች። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ድረስ ጀርባዋ ተኮማትሮ ያብረቀርቃል። የቆየ ቃጠሎ ነው። መዳፌን ያሳረፍኩት እዚያ ላይ ነበር።

ሹራቡን እንዴት መልሼ እንዳለበስኳት አላስታውስም። እትዬ ስትመለስ የማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ።

«እትዬ፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ልብሷን የምቀይረው እኔ፤ እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እናትየዋ ለምናኝ። ፀጉር ቤት ለማጠቢያ የፈላ ውሃ ነው። ልጅቷ የማፍያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ጎትታ ልትሸሽ ስትዞር ጀርባዋ ላይ ተገለበጠ። የፊተኛው ትምህርት ቤት ልጆቹ ይደነግጣሉ ብሎ መለሳት። ሰዉ ደግሞ እናትየዋ የት ሄዳ ነው እያለ ሥጋዋን ጨረሰው። እዚህ ማንም እንዳያውቅባት ፈለገች።» ፎጣውን አጥፋ መደርደሪያው ላይ አደረገች። «ያን ቀን ላንቺ ልትነግርሽ ነበር አመጣጧ። ስትወጣ በር ላይ አግኝቻት እያለቀሰች ነው። እናቱን ለማወቅ ልጁን ማየት ይበቃል ካልሻት በኋላ ምን ብላ ትንገርሽ?»

ዓይኔን ወደ ማጠቢያው አዞርኩ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለች እትዬ። «ሰው ጀርባዋ ላይ እጁን ካደረገ አትችልም። እኔ እንኳ ልብሷን ስቀይር ‹ልንካሽ ወይ?› ብዬ ጠይቄያት ነው። ስታስተቃቅፊያቸው ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።»

«እንዲህ ነው አይሉኝም ታዲያ?»

«መምህርቷ አንቺ ነሽ። እኔን መቼ ጠየቅሽኝ?»

ልጆቹ ወደ ግቢ ሲወጡ ደብተሩን እንደገና ከፈትኩ። ሦስት ገጽ፣ ሦስት ጊዜ የእኔ እጅ ጽሑፍ። የፊተኛዋን ልጅ ንክሻ አስታወስኩት፤ እሷንም አስታርቄ፣ አስተቃቅፌ፣ ዞር እንዳልኩ ነው። ሦስቱም ከተቃቀፉ በኋላ ናቸው። ሦስቱንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ ውስጥ ከንክሻው በፊት ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ዓምድ የለም፤ ባይኖርም ግን ዓይን ነበረኝ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እያልኩ ስንቱን ወላጅ መክሬያለሁ።

ደብተሩን ይዤ ዳይሬክተሯ ጋ ገባሁ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ትምህርት ቤቱንም ከምንም አንሥታ ያቆመችው እሷ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ሰምታም ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ለማን ሊነግሩት ነው?»

«ለሁለቱም ወላጆች።»

«ሰውየው ጠበቃ ነው። መምህርቷ በእጇ ገፍታ ልጄን አስነከሰችው ብሎ ሲጽፍ ይታይዎታል? ይህ ግቢ ይዘጋል። እርስዎ ጡረታዎ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ልጅቷ ሌላ ቦታ ገብታ ትማራለች፣ ቁስሏንም ለሚመጣው መምህር እናስረዳለን። ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አልኩ። አሳምናኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በዚያን ቀን መቆንጠጫ ቢኖረኝ የት እንደማደርገው አውቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ዳይሬክተሯ ቢሮ ተሰበሰብን። ጠረጴዛው ላይ ቀዩ ደብተር፣ ከአጠገቡ የታተመና ያልተፈረመ የስንብት ደብዳቤ፣ ብዕር። ጠበቃው ጆሮው በፕላስተር የተሸፈነውን ድቡልቡልን አጠገቡ አስቀምጧል። እናትየዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ የዚያን ቀን ሽርጥ አላደረገችም፣ ደኅና ልብሷን ለብሳ መጥታለች። ጭራሮ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች።

ጠበቃው ደብተሩን አንሥቶ ሦስቱንም መግለጫ ዝቅ ባለ ድምፁ አነበበ። «ያለ ምንም ምክንያት። ያለ ምንም ምክንያት። ያለ ምንም ምክንያት።» ወደ እኔ ዞረ። «የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

ደብተሩን አስቀመጠና ልጁን አየት አደረገ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረ። «እኔ የአራት ዓመት ልጅ ጠላት አይደለሁም። ልጄ ከእርስዎ ክፍል አንድ ጥሩ ነገር ተምሯል፤ ቤት ከእህቱ ጋር ሲጣላ ‹እንተቃቀፍ› ይላል። እንግዲህ እዚሁ ፊታችን አቅፋ ይቅርታ ትበለው። ይህን ካደረገች እኔ አልፌዋለሁ፤ ደብዳቤውም ይቅር።»

ዳይሬክተሯ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። እናትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ የሠጋችበት ነገር በአንድ ማቀፍ ሊያልቅ ነው። ጎንበስ ብላ «ሂጂ የኔ እናት፣ እቀፊው። አንዴ ብቻ» አለቻት። ልጇን ከጀርባዋ አልገፋቻትም፤ በጣቷ ጫፍ ክንዷን ነካ ነው ያደረገቻት። እኔ በዚያች ሰከንድ ዳይሬክተሯን አየሁ። ዳይሬክተሯ ጠረጴዛውን አየች።

ድቡልቡል ከወንበሩ ወረደ። ጆሮው በፕላስተር ታሽጎ እንኳን እጆቹን ዘረጋ። ጭራሮ እሱንም እናቷንም አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። «በእጄ» አላለችም። አንዴ ጠይቃኝ ምን እንዳገኘች ታውቃለች።

«ማቀፉ ይቅር» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ማንም ዞር አላለም። ድቡልቡል ሁለት እርምጃ ቀረው፣ አንድ ቀረው። ዓይኖቿን ጨፈነች። ተነሥቼ መሀላቸው እጄን አስገባሁ፤ ጥርሷ አይበሉባዬ ላይ ገባ።

ልጅ ሲነክስ እጅን ወደ ኋላ አይጎትቱም፤ ከጎተቱ ይቀደዳል። ይህንንም ለአዳዲስ መምህራን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳልጎትት፣ ሳልነካት ተንበረከክሁና ጠበቅሁ። ቀስ እያለች ለቀቀችኝ።

«ይኸው» አለ ጠበቃው። ደብዳቤውን ወደ ዳይሬክተሯ ገፋ አደረገው።

«ደብተሩ ላይ ይጻፉት» አልኩ ለዳይሬክተሯ። ከእጄ የሚወርደው ደም ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። «አራተኛ ንክሻ፤ የተነከሰችው መምህርቷ። ያለ ምንም ምክንያት ብለው ግን አይጻፉ። ከንክሻው በፊት ምን ሆነ? ሁላችሁም አይታችኋል። ሊያቅፏት ነበር። ፊተኛዋም ልጅ አቅፋት ነው። ትከሻውም ጆሮውም የተነከሰው አቅፏት ነው። ሁሉንም ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት በእጄ ልጨብጠው ብላ ሁለቴ ለምናኛለች፤ እምቢ ብዬ ገፋኋት። ይህን ያወቅሁት ረቡዕ ነው፤ እስካሁን ዝም ያልኩት ለራሴ ፈርቼ ነው።»

«ቲቸር ናት እቀፋት ያለችኝ» አለ ድቡልቡል ለአባቱ፤ ከስሶኝ ሳይሆን እንዲያው አባቱ ያልገባው መስሎት።

ጠበቃው ከልጁ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እናትየዋ ዞረ። «ማቀፉ ምን ያደርጋታል?»

እናትየዋ ልጇን አየቻት። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ የምትናገር ይመስል ጀመረች። «ተቃጥላ ነበር። ፋሻው በየሁለት ቀኑ ይነሣል፤ ቆዳው አብሮ ይነሣል። ሦስት ሰው ቢይዛትም አትቻልም ነበር። በኋላ ነርሷ ‹እናቷ አቅፋ ትያዛት፣ አንቺን ታምናለች› አለች። አቅፌ እይዛታለሁ፣ እነሱ ከኋላዋ ይልጣሉ። ሁለት ወር።»» ወደ ልጇ ዞረች። «አቅፌ የያዝኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እኔንም አታስነካኝ። ቲቸር ያን ቀን እናት እንዴት እንደያዘችው ሲሉኝ፣ አውቀውብኝ መሰለኝ።»

ይህን ስሰማ እጄ መቁሰሉን ረሳሁት። አንድ ሰው በቁስሉ ላይ የተናገርኩትን ቃል መልሶ እንዲህ ሲቆጥርልኝ በሕይወቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የምገባበት ጠፋኝ።

ጠበቃው ደብዳቤውን ከዳይሬክተሯ ፊት አነሣው። «ሦስት ጊዜ ያልሆነ ነገር ጽፈው ፈርመዋል» አለኝ።

«አዎ።»

«ልጄን ከረቡዕ ጀምሮ ክፉ ልጅ ነከሰችህ እያልኩት ከርሜያለሁ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይህ ደብዳቤ ስሙ ተሳስቷል» አለና ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ልጁን እጁን ይዞ ወጣ። ይቅርታ አላደረገልኝም፣ እስከዛሬም አላደረገልኝም፤ ሲያገኘኝ በትክክል የሚገባኝን ያህል ሰላምታ ብቻ ይሰጠኛል።

እናትየዋን ግቢ ውስጥ ሮጬ ደረስኩባት። እስከዚያ ቀን አንቺ ነበር የምላት፤ አፌ ራሱ አንቱ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት።

እጄ ላይ የተጠመጠመውን ፎጣ አየች። «እኔን ምን አድርጊ ይሉኛል?» አለች። «እሷን ይጠይቋት።»

በእኔ ላይ የተጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በዚያው ከሰዓት ደረሰኝ፣ ፈረምኩበት። ጭራሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንድትቆይ ተወሰነ፤ በእኔ ክፍል ግን አይደለም፣ ከጎን ባለው ክፍል። ዳይሬክተሯ ለሥራ ካልሆነ አታናግረኝም። የማቀፉን ሕግ ሰኞ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አድርጌያቸው አነሣሁት። ሚኒስትሩ ከሁሉ ይልቅ ተበሳጨ። «አሁን ታዲያ በምን ልንታረቅ ነው?» አለኝ። «ጓደኛህን ጠይቀው» አልኩት፤ «እንዴት ልታረቅህ በለው።» «እቀፈኝ ካለኝስ?» «ታቅፈዋለህ።» «አትንካኝ ካለኝስ?» «አትነካውም።» ብዙ አሰበና «ከባድ ነው» አለ። እውነቱን ነው።

የጭራሮ መቆንጠጫ በእኔ ክፍል ሰሌዳ ላይ ቀርቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት በገዛ እጄ ባዛወርኩበት፣ ከሚስቀው ፊት ሥር። ፎቶዋ ላይ አትስቅም። ነቅዬ ወደ ጎን ክፍል ይዤው ሄድኩ። እዚያም እኔ የሠራሁት ሌላ ሰሌዳ በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሁለት እርምጃ ርቄ ተንበረከክሁ።

«ይቅርታ» አልኳት። «በእጄ ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ።»

መቆንጠጫውን በእጇ ላስጨብጣት አልሞከርኩም፤ ከመሀላችን ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። አነሣችው። ሰሌዳው ጋ ሄዳ በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ ከፈራው ፊት ሥር ቆነጠጠችው። ከዚያ ዞር ብላ እጄን ማየት ጀመረች፤ ቁስሉን አይደለም፣ እጄን። የማነሣው መቼ እንደሆነ እየጠበቀች ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። የዳይሬክተሯ ጫማ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ሁለቱንም እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ ያዝኳቸው። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ደረሰች፤ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጅቷን አየች። መቆንጠጫው እዚያው ዋለ።